የቤት እንስሳችሁን አመድ የት እና እንዴት ታኖሩታላችሁ?

ሣጥኑ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ውሻዬ ቦቢ በሕይወት ሳለ 28 ኪሎ ይመዝን ነበር። ያረጀ ጊዜ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ተሸክሜው ስወጣ ወገቤ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ግን በአንድ እጄ ይዤው፣ በሌላው እጄ በሩን ከፍቼ ገባሁ።

የት እንደማኖረው አላወቅኩም። ቁም ሣጥን ላይ፣ ከሻንጣዎቹ ጎን አስቀመጥኩት። ለሁለት ወር ያህል ልብስ ላወጣ ቀና ባልኩ ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር። አንድ ቀን ነገሩ ገባኝ። ዕድሜውን ሁሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ እግሬ ሥር የኖረ ውሻ ኮርኒስ ሥር ምን ይሠራል? በዚያው ቀን አወረድኩት።

ይህን መመሪያ የምጽፈው የቤት እንስሳችሁ ሞቶ ሲቃጠል የሚቀረውን አመድ ለተቀበላችሁ ወይም ልትቀበሉ ለተቃረባችሁ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ይጀምራል፤ ሣጥን፣ ሀብል፣ መስታወት እያለ ይደረድራል። እኔ ከእንስሳው ጀምሩ እላለሁ። የት ይውል ነበር? ከእናንተ ጋር የሚገናኘው በምን ነበር? ይህን ከመለሳችሁ የዕቃው ምርጫ ቀላል ይሆናል።

1. ገና ካልተቃጠለ፣ እነዚህን ጠይቁ

አመዱ እጃችሁ ገብቶ ከሆነ ይህን ክፍል እለፉት።

ማቃጠል ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ለብቻ ነው፤ ምድጃው ውስጥ የእናንተ እንስሳ ብቻ ይገባል። ሁለተኛው ብዙ እንስሳት በአንድ ምድጃ ውስጥ ተራርቀው ወይም በመከለያ ተለይተው የሚቃጠሉበት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መደባለቅ አይቀርም። ሦስተኛው የጋራ ነው፤ አመዱ ስለሚቀላቀል ለባለቤቱ አይመለስም። ችግሩ ያለው አጠራሩ ላይ ነው። ሁለተኛውንም "ለብቻ" እያለ የሚጠራው አለ። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ነገሩን ጠይቁ፦ "የእኔ እንስሳ በሚቃጠልበት ሰዓት ምድጃው ውስጥ ሌላ እንስሳ ይኖራል?"

ቀጥሎ ስለ መለያው ጠይቁ። በብዙ ቦታ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ብረት ከእንስሳው ጋር እሳቱ ውስጥ ገብቶ ከአመዱ ጋር ይመለሳል። ቁጥሩን አስቀድማችሁ ጻፉት፤ ስትረከቡ አመሳክሩት።

በእሳት ሳይሆን በውሃ የሚሠራ ዘዴም አለ። ሙቅ ውሃና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ኬሚካል ሥጋውን ያሟሙታል፤ የቀረው አጥንት ደርቆ ይፈጫል። የሚገኘው ዱቄት የነጣና የላመ ነው፤ መጠኑም በእሳት ከሚገኘው በርከት ይላል። ከዚህ በታች ያለው ለሁለቱም ይሆናል። ዕቃ ስትመርጡ ብቻ ትንሽ ሰፋ አድርጉት።

ከእሳት በፊት ካልተወሰዱ በኋላ የማይገኙ ነገሮችም አሉ። አንዱ ፀጉሩ ነው። ከጆሮው ጀርባ ወይም ከጅራቱ ትንሽ ቁረጡ፣ በክር እሰሩት፣ ወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጉት። ሌላው የእግሩ አሻራ ነው፤ በጭቃ ወይም በቀለም ይነሳል። የቦቢን አሻራ አላነሳሁም። ሐኪሟ ጠይቃኝ ነበር። "አይ፣ ይቅር" አልኳት። በዚያች ሰዓት ምንም የማስብበት አቅም አልነበረኝም። ዛሬ ያንን አሻራ ባገኝ ብዙ ነገር እሰጥ ነበር። እንደኔ እንዳይሆንባችሁ፣ አብሯችሁ ለሚሄደው ሰው አስቀድማችሁ ንገሩት። እሱ ያስታውስላችሁ።

2. ለጊዜው አስቀምጡት፤ አትቸኩሉ

አመድ አይበላሽም። አይሸትም። በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ ካለፈ በኋላ ጀርም አይተርፍበትም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ መኖሩ ለልጅም ለአዋቂም አያሰጋም። የማይወደው እርጥበትን ነው፤ እርጥበት ከነካው ይጓጉላል። በመጣበት የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ተዉት። አፉን አጥብቃችሁ እሰሩት። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢት ሣጥኑ ውስጥ፣ ከፕላስቲኩ ውጭ፣ ጣል አድርጉ። በዚህ መልኩ ዓመታት ይቀመጣል።

ይህን የምለው ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚወስን ነው። ሀዘኑ ትኩስ ነው፤ አንድ ነገር ማድረግ ያስፈልጋል። ዙሪያችሁ ያለው ሰው ደግሞ "ውሻ እኮ ነው፣ አሁንም አልተውሽውም?" ሊል ይችላል። ኬኔት ዶካ የተባሉት አሜሪካዊ የሀዘን ተመራማሪ ሌላው ሰው እንደ ሀዘን የማይቆጥረውን ሀዘን እ.ኤ.አ. በ1989 ስም ሰጥተው ጽፈውበታል፤ የተነፈገ ሀዘን እንደማለት ነው። የእንስሳ ሞት ከዚህ ውስጥ ይገባል። ለቅሶ ደራሽ የለውም፤ ሥራ ቦታም ብዙውን ጊዜ ፈቃድ አይሰጥበትም። ስለዚህ ሰው ቶሎ ጨርሶ መገላገል ይፈልጋል።

አትቸኩሉ። መመለስ የማይቻሉትን ነገሮች፣ ማለትም መበተንን፣ ውሃ ውስጥ መጨመርን፣ የቀለጠ መስታወት ውስጥ ማስገባትን፣ ቢያንስ ጥቂት ወራት አቆዩአቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይቺን አትርሱ፦ ምንም ብትወስኑ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል አስቀሩ። ሁሉንም በትኖ በዓመቱ የሚጸጸት አለ፤ ያስቀረ ሰው ግን የቀረውን በፈለገው ጊዜ መበተን ይችላል።

3. በእጃችሁ ያለው ምን እንደሆነ እወቁ

አመድ እንላለን እንጂ የምድጃ አመድ አይመስልም። ሥጋው፣ ፀጉሩና ስቡ በሙሉ ይጠፋሉ። የሚቀረው የአጥንቱ ማዕድን ነው፤ በአብዛኛው ካልሲየም ፎስፌት። እሱ በማሽን ተፈጭቶ ይሰጣችኋል። ስትከፍቱት ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ደረቅ አሸዋ ታያላችሁ። አንዳንድ ጊዜ በደንብ ያልደቀቀ ትንሽ ፍንካች አጥንት ይገኝበታል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ይደነግጣል። መጀመሪያ ስትከፍቱት ብቻችሁን ባትሆኑ ይሻላል። ነጭ ወረቀት ዘርጉ፣ መስኮት ዝጉ፣ የአየር ማራገቢያ ካለ አጥፉ።

አሁን ወደ ልኩ። የተለመደው ስሌት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 36 ሚሊ ሊትር ነው። ለጥንቃቄ 40 ብላችሁ አስሉት። 5 ኪሎ የምትመዝን ድመት 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይበቃታል፤ አንድ ኩባያ ማለት ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 400 ሚሊ ሊትር፣ ለ30 ኪሎ ደግሞ 1 ሊትር ከ200 ያስፈልጋል። በክብደት ከሆነ አመዱ ከሰውነቱ ከመቶ ሦስት ወይም ሦስት ተኩል ገደማ ነው። የቦቢ ሣጥን ከአንድ ኪሎ ብዙም አለማለፉ ለዚህ ነው። ቁጥሩን የሚወስነው አጥንት እንጂ ስብ አይደለም። ስለዚህ ረጃጅም እግር ያለው ቀጭን ውሻ፣ እኩል ከሚመዝን ድብልብል ውሻ የበለጠ አመድ ይኖረዋል። ትንሽ ወፍ ወይም ሃምስተር (አይጥ የምትመስል ትንሽ የቤት እንስሳ) ከሆነ የሚመጣላችሁ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ሊያንስ ይችላል። ትንሽ ነው ብላችሁ አትጠራጠሩ፤ ልኩ ያው ነው።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የያዘውን ውሃ ለኩ። የውጭ ቁመቱ ያታልላል፤ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ሸክላ ከውስጡ ጠባብ ነው።

4. አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ሲናፍቃችሁ እጃችሁ ወዴት ይሄዳል?

ከዚህ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ዘለል አድርጋችሁ አትለፉት።

አንዳንድ ሰው ሲናፍቀው ቦታ ይፈልጋል። ድመቷ ትተኛበት የነበረውን የመስኮት ደፍ ያያል፤ እዚያ አጠገብ ይቀመጣል። ይህ ሰው ሀብል ቢያሠራ ሀብሉ መሳቢያ ውስጥ ይረሳል። እሱን የሚያጽናናው በዚያው ቦታ የሚቆም ዕቃ ነው፤ ካልሆነ መሬት ውስጥ ያለ፣ ሄዶ የሚቆምበት ቦታ።

ሌላው መንካት ይፈልጋል። እጁ ሳያውቀው ወደ ሶፋው ጎን ይወርዳል፤ ጭንቅላቱን ሊዳብስ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው የሚያዝ ነገር ይሻላል፤ እጅ ውስጥ የሚገባ ለስላሳ መስታወት፣ ከአንገት የማይወርድ ጌጥ፣ መዳፍ የምታህል የእንጨት ሣጥን።

ሦስተኛው ሰው መልቀቅ ይፈልጋል። እንስሳው ታሞ፣ ተሰቃይቶ፣ መጨረሻ ላይ መራመድ አቅቶት ከሆነ ባለቤቱ በነፃ ሲሮጥ ሊያየው ይመኛል። ሣጥን ውስጥ መሆኑ ያንቀዋል። ለሱ መበተን ነው።

አሁን ወረቀት አንሱና ሦስት ነገር ጻፉ። እንስሳው በጣም ደስ የሚለው የት ነበር? በጣም የምትቀራረቡት በየትኛው ሰዓት ነበር? አሁን ያ ሰዓት ሲደርስ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ጽፌ ነበር። ሦስቱም መልስ አንድ ቦታ ወሰደኝ፤ ምሽት፣ በሩ ሥር፣ ጫማዬን ሳወልቅ። ቦቢ እዚያ ተኝቶ ይጠብቀኝ ነበር፤ አፍንጫውን ጫማዬ ውስጥ ያስገባ ነበር።

ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ እሱም ለብቻው ይጻፍ። መልሱ ከእናንተ ጋር ላይገጥም ይችላል። ልጆችንም ጠይቁ። "እውነት እዚህ ውስጥ ነው?" ካሉ ግልጽ አድርጋችሁ ንገሯቸው፦ ሰውነቱ ሞቷል፣ ይህ ከአጥንቱ የቀረው ነው። "ተኝቷል" አትበሏቸው። እስኪነቃ ይጠብቃሉ።

መልሳችሁ ባይገጥም አትጣሉ። አመድ ይከፈላል። ጌታውን ጣቢያ ላይ ዓመታት ሲጠብቅ የኖረውን ጃፓናዊውን ውሻ ሃቺኮን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሞት አመዱ ቶኪዮ ውስጥ አዮያማ መካነ መቃብር፣ ከጌታው ከፕሮፌሰር ኡዌኖ ጎን አረፈ። ቆዳው ደግሞ ከነፀጉሩ እዚያው ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የተፈጥሮና የሳይንስ ሙዚየም ተቀምጧል። አንድ ውሻ፣ ከአንድ በላይ ማረፊያ። የእናንተም አንድ ሦስተኛው ሣጥን ውስጥ፣ አንድ ቁንጥር ልጃችሁ አንገት ላይ፣ የቀረው ይሮጥበት የነበረው ሜዳ ላይ ሊሆን ይችላል።

5. አሁን ምረጡ

ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ። እንጨት ሞቅ ያለ ስሜት አለው፤ ቢወድቅ አይሰበርም። ሸክላ ያምራል፤ ግን ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለች አስቡበት። ብረት ጠንካራ ነው። የትኛውንም ብትመርጡ አመዱን ልቅ አድርጋችሁ አትጨምሩት፤ ከነከረጢቱ ይግባ። ዕቃው ቢሰበር ከረጢቱ ያድናችኋል። ዕቃው የግድ ለዚህ ተብሎ የተሠራ መሆን የለበትም። ክዳን ያለው፣ ልኩ የሚበቃ፣ እናንተ የምትወዱት ማንኛውም ነገር ይሆናል። ቦታው የእንስሳው ቦታ ይሁን። መሬት ለመሬት የኖረውን ዝቅ አድርጉት፤ ከፍ ያለ ቦታ ትወድ የነበረችውን ድመት ከፍ። አንዱ ጎኑ ላይ የአንገት ማሰሪያውን አኑሩ። ሻማ የምታበሩ ከሆነ ከእንጨቱና ከፎቶው አርቁት፤ ፎቶውንም ፀሐይ የማይመታው ቦታ አድርጉት፤ ካልሆነ ይደበዝዛል።

የሚንጠለጠል ጌጥ። ውስጡ ክፍት የሆነ ጌጥ በሁለት ጣት ከሚያዝ ቁንጥር አይበልጥም የሚይዘው። መሙላቱን ለሌላ ሰው ከመስጠት ራሳችሁ ብታደርጉት እመርጣለሁ። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ግን ብዙ ሰው ከልቡ የሚያለቅሰውና የሚቀለው እዚያ ላይ ነው። እንዲህ አድርጉ። ነጭ ወረቀት ዘርጉ። አመዱን በሻይ ማጥለያ አጥሉትና ከላመው ውሰዱ። ሌላ ትንሽ ወረቀት እንደ ሾጣጣ ጠቅልላችሁ ጫፉን ጌጡ ቀዳዳ ላይ አድርጉ። በጥርስ መፈልፈያ እየገፋችሁ ቀስ በቀስ አስገቡ። ሦስት አራተኛው ሲሞላ አቁሙ። ከዚያ ጌጡን የሚዘጋውን ብሎን ጥርስ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ አንዲት ቅንጣት ጥርሱ ላይ ከቀረች ብሎኑ እስከ መጨረሻው አይገባም፣ በሳምንቱም ይላላል። ጥርሱ ላይ ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርጉና አጥብቁ። አንድ ቀን ሙሉ ሳትነኩት ይቆይ። ቢዘጋም ሻወር ስትገቡና ስትዋኙ አውልቁት።

መስታወት። ባለሙያው የሻይ ማንኪያ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ አመድ በቀለጠ መስታወት ሁለት ንብርብር መካከል ያስገባል። መስታወቱ በዚያ ሰዓት 1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የአጥንት ማዕድን በዚህ ሙቀት አይቀልጥም። ስለዚህ እንደ ነጭ ብናኝ፣ በትንንሽ አረፋ ተከቦ፣ ውስጡ ቀርቶ ይታያል። ብርሃን ፊት ስትይዙት ጭጋግ ውስጥ ያለ ኮከብ ይመስላል። ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ አመዱ ስለሚታይ። የምታሠሩት ሰው ሥራውን ቀስ ብሎ በምድጃ የሚያቀዘቅዝ መሆኑን ጠይቁ። ቶሎ የቀዘቀዘ መስታወት ከወራት በኋላም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሸክላ። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። የአጥንት አመድ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስስና ነጭ የገበታ ሸክላ ለመሥራት ሲጨመር ኖሯል፤ እስካሁንም ይጨመራል። የምታውቁት ሸክላ ሠሪ ካለ ትንሽ አመድ ከሚቀባው መስታወታማ ቀለም ጋር ሊደባልቀው ይችላል። በመጀመሪያ በቁራሽ ሸክላ ላይ ይሞክረው። ቀለሙ ይለወጣልና።

ሬዚን። ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር፣ ፕላስቲክ የሚመስል ግልጽ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ለመሥራት ቀላሉ ይህ ነው። ሁለቱን ፈሳሾች ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን በትክክል ቀላቅሉ፤ በግምት ከሆነ አይደርቅም። አመዱ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። መጀመሪያ ስስ ንብርብር አፍስሱ፣ ጠጠር ሲል አመዱን ነስንሱ፣ ከዚያ ከላይ ሸፍኑት። ጓንት አድርጉ፤ መስኮት ክፈቱ። አንድ ነገር ግን እወቁ፤ ሬዚን ፀሐይ ላይ ከቆየ በጊዜ ብዛት ይቢጫል። መስታወት ግን አይለወጥም።

አልማዝ። ይሠራል፤ ግን በግልጽ ልንገራችሁ። አልማዝ ካርቦን ነው። አብዛኛው ካርቦን በእሳቱ ጊዜ ጋዝ ሆኖ ሄዷል፤ አመዱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነው። ፀጉር ግን ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ይህን ካሰባችሁ ፀጉሩን ቀድማችሁ ያዙ። ሥራው ወራት ይፈጃል፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። "ድንጋዩ ውስጥ ካለው ካርቦን ምን ያህሉ ከኔ እንስሳ ነው?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የሚያድበሰብስ መልስ ከመጣ ተዉት።

ዛፍ ሥር። ይህ ብዙ ሰው የሚመርጠው፣ በቀላሉ የሚበላሽም ነው። "ከአመዱ ላይ ዛፍ ይበቅላል" የሚለው ሐሳብ ያምራል። እውነቱ ግን አመዱ ጨው ይበዛበታል፤ አልካሊነቱም (የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ባሕርይው) ከፍተኛ ነው። እንዲሁ ተከምሮ ሥር ላይ ከተደረገ ችግኙን ያቃጥለዋል። ክምሩም ዓመታት ሳይሟሟ ይቆያል። ስለዚህ አመዱን ብዙ እጥፍ ከሚሆን አፈርና ከበሰበሰ ብስባሽ ጋር በደንብ ደባልቁት። ጥቂቱን ብቻ ተጠቀሙ። ከለጋ ችግኝ ይልቅ ሥር የሰደደ ዛፍ ምረጡ፤ ግንዱን ሳይነካ ዙሪያውን በስሱ አሠራጩት። በቤት ውስጥ ማሰሮ ያለ አበባ ላይ አታድርጉት። አፈሩ ጥቂት ስለሆነ ጨውን አይችለውም። አበባው ሲደርቅ ደግሞ ሁለተኛ ሀዘን ይሆንባችኋል። ቤቱ የኪራይ ከሆነም አስቡ። ነገ ስትለቁ ዛፉን ይዛችሁ አትሄዱም። በዚህ ጊዜ በከረጢት ወይም በማይበሰብስ ዕቃ ቀብራችሁ ቦታውን ምልክት ብታደርጉበት፣ ቆፍራችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

መበተን። ባለቤት ያለው መሬት ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ፤ ውሃ ከሆነ የቦታውን ደንብ እዩ። ነፋስ በአብዛኛው የሚረጋው በማለዳ ነው። ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ። በርከክ ብላችሁ ከጉልበት በታች አፍስሱ። ከፍ ብሎ መበተን ፎቶ ላይ እንጂ በተግባር አያምርም፤ ዓይንና ልብስ ላይ ይመለሳል። ከባዱ ወዲያው ይወርዳል፣ የላመው እንደ ጭስ ይሄዳል። ሁለቱም ልክ ነው። መሬቱ ላይ ነጭ ሆኖ ከቀረ በእጃችሁ ከአፈሩ ጋር አዋህዱት። ውሃ ላይ ከሆነ በወረቀት ወይም በጨው የተሠራ ዕቃ አለ፤ ለጥቂት ደቂቃ ተንሳፍፎ ይሰምጣል፣ ከዚያ ይሟሟል። ሪባን፣ ፕላስቲክ፣ የአንገት ማሰሪያ አብራችሁ አትጣሉ። ሌላ እንስሳ ይውጠዋል።

ንቅሳት ቀለም ውስጥ መጨመር የሚባልም አለ። እኔ አልመክርም። ለቆዳ ተብሎ ያልተዘጋጀ የተፈጨ አጥንት ቆዳ ሥር ማስገባት ነው። የእግሩን አሻራ መነቀስ ይበቃል።

አመድ ያልደረሳችሁም አላችሁ፤ በጋራ ተቃጥሎ ወይም ሳታውቁ ቀርቶ። ከላይ ያለው ብዙው ለእናንተም ይሠራል። የተኛበት ጨርቅ ላይ የቀረ ፀጉር በሬዚንም ሆነ በሚከፈት ጌጥ ውስጥ ይገባል። የአንገት ማሰሪያው ሣጥን ውስጥ በክብር ሊቀመጥ ይችላል። አራተኛው ክፍል ላይ ያለውን ጥያቄ ግን እናንተም መልሱ።

6. ስም ጻፉበት፣ ለሰው ንገሩ

ያለ ስም የተቀመጠ ግራጫ ዱቄት ከዓመታት በኋላ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ቤት ሲጸዳ ይጣላል። ስለዚህ ውኃ የማይለቀው ብዕር ያዙና ከረጢቱ ላይም ዕቃው ሥርም ጻፉ፦ ስም፣ የተወለደበትና የሞተበት ዓመት፣ የብረቱ ቁጥር፣ ከአመዱ ስንት እንዳለና ሌላው የት እንዳለ። የማቃጠያ ምስክር ወረቀቱን አብራችሁ አጥፉና አስገቡ። ለአንድ ሰው ደግሞ ንገሩት፤ እናንተ ባትኖሩ ምን እንዲያደርግበት እንደምትፈልጉ።

በአውሮፕላን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ወደ ጭነት አትስጡት፤ ከራሳችሁ ጋር ያዙት። ዕቃው ኤክስሬይ የሚያሳልፍ ይሁን፤ እንጨት፣ ፕላስቲክ ወይም ካርቶን። ወፍራም ብረትና ሸክላ ውስጡን አያሳይም፤ ፈታሹ ሊከለክላችሁ ይችላል። ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ይሁን። የአየር መንገዱንና የምትሄዱበትን አገር ደንብም ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

የቦቢ ሣጥን አሁን በሩ ሥር፣ ከጫማ መደርደሪያው የታችኛው ደርብ ላይ ነው። ጫማዬን ሳወልቅ በርከክ እላለሁ፤ ሣጥኑ ከፊቴ ነው። ክዳኑ ላይ የአንገት ማሰሪያው አለ። ግማሹን አመድ፣ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ ይሮጥበት የነበረው ወንዝ ዳር በተንኩት፤ ማለዳ ላይ፣ ነፋስ ሳይነሳ። ከረጢቱ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ ቦቢ፣ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ ወንዙ ዳር።